የምትስቀው ልጅና የማያለቅሱት አባት

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሳይኮሎጂ ተምሬ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የምሠራው ኮዬ ፈጬ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በተሰጠን አንዲት የምክር ክፍል ነው።

አንዲት ተገልጋይ አለችኝ። ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። የደረሰባትን ስትነግረኝ ትስቃለች። ፈገግታ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ከት ብላ ነው የምትስቀው። በር ተቆልፎባት ስለከረመችበት ጊዜ፣ ስለ ዱላው፣ ከዚያም ስለባሰው ነገር። ‹ያኔ ብታዪኝ እኮ በሳቅ ትሞቺ ነበር› ትለኛለች። አንድ ቀን ሳላስበው አብሬያት ሳቅሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባልደረባዬን ባማክራት ‹እውነት ቢሆን እየሳቀች ታወራው ነበር? መቋቋሚያ ብር ፈልጋ ነው› አለችኝ።

ሌላው አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው በሰው እጅ ነው የሞተባቸው። ስለሱ ሲያወሩ ወረዳ ሄደው የካርታ ጉዳይ የሚያስረዱ ነው የሚመስሉት። ድምፃቸው ንቅንቅ አይልም። ሲጨርሱ ‹በይ ልጄ፣ ይሄን ጨጓራዬን ማን ይይልኝ?› ይሉኛል። እሳቸው ሲወጡ ሽንት ቤት ገብቼ የማለቅሰው እኔ ነኝ።

ስሜታቸውን እንዲያወጡት ምን ላድርግ? እንዲያለቅሱ ምን ልበላቸው? ወይስ ልጅቷ የእውነት እየሸወደችኝ ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከኮዬ ፈጬ»

ውድ ግራ የገባሽ፣

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። የብሎክ ቁጥሩን፣ ልጅቷ የነበረችበትን አገርና የአባትየውን ሥራ ከደብዳቤሽ ላይ አውጥቻለሁ። ኮዬ ሰፊ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ሰዉ ብዙ ቢሆንም ወሬ ከብሎክ ብሎክ ለመዞር ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ለማንም ስትጽፊ፣ ለእኔም ቢሆን፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አስቀሪው።

አሁን ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። እሱ ጥርጣሬ በልብሽ እስካለ ድረስ ሌላው ምክር አይሠራልሽም።

ሳቋ የውሸት ምልክት አይደለም። እንባም ቢሆን ለእውነት ማረጋገጫ አይሆንም። ባልደረባሽ የተናገረችው ግን የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዲት ተዋናይት ተደፈርኩ ብላ የምትመሰክር ሴት ሆና ቃሏን ስትሰጥ በቪዲዮ ቀረጿት። ፊቷ ላይ የሚታየው ስሜት ከቪዲዮ ቪዲዮ ይለያያል። በአንዱ ታዝናለች፣ በአንዱ ምንም ስሜት አታሳይም፣ በሌላው ፈገግ ትላለች። ተመልካቾቹ ያዘነችዋን ይበልጥ አመኗት። የሰሙት ታሪክ ያው ሆኖ ሳለ! ተመሳሳዩን ነገር በኋላ ለፍርድ ቤት ዳኞች ሲያሳዩ ግን ዳኞቹ በፊቷ አልተወሰዱም። ይህ በ2006 የታተመ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰው ከፊት ላይ እውነት ማንበቡን በሥራ ልምድ ሊተወው እንደሚችል ነው። አንቺም መተው ይኖርብሻል።

ደግሞ እስቲ ነገሩን ገልበጥ አድርገሽ እዪው። ብር ፈልጋ የምታስመስል ልጅ ለምን ትስቃለች? ለማስመሰል የሚያዋጣው እንባ ነው። ይህን ለባልደረባሽ ንገሪያት፣ በጨዋ ደንብ።

እንግዲህ ለምን ትስቃለች? እኔ አላየኋትም፤ ስለዚህ እዚህ ተቀምጬ «ምክንያቷ ይህ ነው» ብልሽ ዋሸሁሽ። ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እኔ የምችለው የትኞቹን በሮች ማንኳኳት እንዳለብሽ መንገር ነው።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባል የለ? ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃል። እኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ቢሮ ገብተን ወረቀት ስንይዝ ነው የምንረሳው።

መጀመሪያ ይህን ታሪክ ከአንቺ በፊት ለማን እንደነገረችው አስቢ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ብቻዋን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የብዙዎቹ ቤተሰብ መንገዱን በብድር የሸፈነ ነበር። ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ እናቷ ፊት ቡና ላይ ተቀምጣ «እንዴት ነበር?» ስትባል ምን ትበል? የሆነውን እንዳለ ብትናገር እናት ትታመማለች፣ አባት አንገቱን ይደፋል፣ ጎረቤት ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ስለዚህ የሚያስቅ አድርጋ ታወራዋለች። «አንድ ቀን ማዳም ቆልፋብኝ ብትሄድ…» ሰው ይስቃል፣ ቡናው ይቀጥላል። ደጋግማ ስትናገረው ታሪኩ በዚያው መልኩ ይረጋል። ወደ አንቺም ይዛው የመጣችው ያንኑ ሊሆን ይችላል። ሌላ አወራር ገና አልተገኘለትም።

«ብታዪኝ እኮ በሳቅ ትሞቺ ነበር» ያለችሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለእኔ አንቺን እያየች ያለች ነው የሚመስለኝ። ልጅቱ ፊትሽን ታነባለች። ስትደነግጪ ታውቃለች። «አትፍሪ፣ ቀልድ ነው» እያለችሽ ይሆናል። ሰው ቤት ስትሠራ የማዳሟን ፊት በማንበብ ነበር ውላ የምታድረው፤ ይህ ችሎታ አገር ቤት ሲገቡ አውሮፕላን ላይ አይቀርም። እዚያ ማልቀስ ተጨማሪ ዱላ ያመጣባት ከነበረ ደግሞ ፈገግታ ያተረፋት ነገር ነው። ይህን ከእኔ ሰምተሽ እንዳትነግሪያት። ጠይቂያት፦ «እዚያ ቤት ሆነሽ ብታለቅሺ ምን ይሆን ነበር?» ይህቺን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቀሽ ዝም በይ።

ኀፍረትም አለ። «ከዚያ የባሰው ነገር» ያልሽውን ምን እንደሆነ ሁለታችንም እንገምታለን። አንገት የሚያስደፋ ነገር ሲነገር አፍ ላይ ፈገግታ ይመጣል፤ ሰውየው ጠርቶት አይደለም። ሰውነትም የራሱ መንገድ አለው። ፍርሃት ሲነሳ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያ ሁሉ ጉልበት መውጫ ይፈልጋል። አንዱ ላይ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይወጣል፣ ሌላው ላይ ሳቅ፣ ሌላው ላይ ማዛጋት። እያዛጋ ስለ እስር ቤት የሚያወራ ሰው ካጋጠመሽ ሰለቸው ብለሽ አትፍረጂ።

ስለ ክፍልሽም ልጠይቅሽ። በጤና ጣቢያ ግቢ የሚሰጡን ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ በችፑድ የተከፈሉ ናቸው። በዚያ በኩል ወረፋ ይጠበቃል፣ ሕፃን ይከተባል። ወረፋው ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ የዚያች ልጅ የደረጃ ጎረቤት ብትሆንስ? ሳቅ በግድግዳው ቢያልፍ ማንም ጉዳዬ አይለው። ልቅሶ ቢያልፍ ግን ማታውኑ ብሎኩ በሙሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል። በአዲስ ሰፈር፣ እድሩም ገና ባልጠናበት፣ ሰው ስሙን በጣም ይጠብቃል። ስለዚህ «ስሜቷን አታወጣም» ከማለትሽ በፊት አንቺ ከውጪ ቆመሽ፣ ባልደረባሽ ከውስጥ እንድታወራ አድርጊና የሚሰማውን ስሚ።

አንድ ቀርቶኛል፣ እሱም ሳቁ የእውነት ሳቅ ሊሆን እንደሚችል ነው። መከራ ውስጥ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያልሳቀ ሰው ይነሳ! አሜሪካውያኑ ዳከር ኬልትነርና ጆርጅ ቦናኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን ሰዎች ከወራት በኋላ ስለ ሟቹ አናገሯቸው። ከልባቸው የሳቁት ንዴታቸው ያነሰ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከልብ የመነጨውን የሚለዩት በዓይን ዙሪያ ባለው ጡንቻ ነው፤ ይህን ያስተዋለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሐኪም ዱሼን ነበር። አንቺ ግን የሰው ዓይን ጥግ ስታጠኚ እንዳትውዪ።

«እንኳን ሳቀች» ብለሽ ከመደሰትሽ በፊት ደግሞ የዚያኑ የቦናኖን ሌላ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውን፣ ጨምሪበት። በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ወጣት ሴቶች ስለ ሌላ ገጠመኝ ሲያወሩ ከልብ ፈገግ ማለታቸው ለኋላ ኑሯቸው ደግ ምልክት ሆነ። ስለ ጥቃቱ ሲያወሩ ፈገግ ያሉት ግን ቆይቶ ከሰው ጋር ባላቸው ኑሮ ይበልጥ ሲቸገሩ ታዩ። አንድ ምክንያቱ፣ በእኔ ግምት፣ የባልደረባሽ ዓይነት ሰሚ መብዛቱ ነው። አየሽ፣ ያው ፈገግታ ቦታው ሲለያይ ሥራው ይለያያል። ስለዚህ አንቺም መከታተል ያለብሽ ቦታውን ነው።

እንዴት? ሴሽኑ ሲያልቅ ሳቁ የትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እንደመጣ ጻፊ። በሩ ሲቆለፍ ነው? ወይስ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚመጣ ከሆነ፣ ከሳቁ ቀጥሎ ሊመጣ የነበረው ነገር ነው ከባዱ። እዚያ ስትደርስ አትግፊያት። ፍጥነትሽን ቀንሺ።

ከዚያ ጊዜው ሲደርስ ሳቁን ራሱን በስሙ ጥሪው። «ለምን ትስቂያለሽ?» አትበያት። «ለምን» እኛ ዘንድ ቁጣ ነው፤ አስተማሪ ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ይልቅ እንዲህ በያት፦ «ስለ በሩ ስታወሪ ሳቅሽ። ብዙ ሰው ከባድ ነገር ሲያወራ ሳቅ ይመጣበታል። አንቺ ላይ ሲመጣ ውስጥሽ ምን ይሰማሻል?» «እንጃ» ብትልሽ «እንጃም ይሆናል፤ ከፈለግሽ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን» ብለሽ እለፊ። ፊትሽን በተመለከተ፣ አብረሽ አትሳቂ፣ አትኮሳተሪም። ከኮሳተርሽ ተሳስቻለሁ ብላ ትሰበሰባለች።

አብረሻት የሳቅሽበትን ቀን አታካብጂው። ሳቅ ይጋባል፤ ሰው ነሽ። ግን እንዲሁ አትለፊው። በሚቀጥለው ጊዜ፦ «ባለፈው አብሬሽ ሳቅሁ፤ ያወራሽው ነገር ግን ለእኔ ቀላል አይደለም። ያኔ ምን ተሰማሽ?» በያት። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ ከዚህ በላይ የምትጠቀሚበት በር የለሽም። ምናልባት ቁጥብ ብላ «ምንም» ትላለች። ምናልባት ደግሞ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ ታይሽ ይሆናል።

አንድ የሕክምና ጥያቄ አትዝለይ። ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቃለች? ሳቁ ስለ ደረሰባት ስታወራ ብቻ ነው ወይስ ታክሲ ውስጥም፣ ወጥ እየሠራችም፣ ምንም የሚያስቅ ሳይኖር ይመጣባታል? ልታቆመው ሞክራ ያቅታታል? አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት ከስሜት ጋር የማይገናኝ ሳቅና ልቅሶ ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ያንቺ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ይያት።

ወደ አባትየው ልምጣ።

እኛ አገር ያላለቀሰ ሰው ይታማል። «ደረቱን እንኳ አልመታም» ይባላል። ልቅሶ በወጉ የሚለቀስበት ቦታና ቀን ስላለ፣ አልቃሽም ሙሾ አውራጅም ስላለ፣ ከዚያ ውጪ ያለው ሐዘን ምን እንደሚመስል ብዙም አንጠይቅም። እሳቸው ድንኳኑ ሲነሳ አብረው ዘግተውት ይሆናል። ወንድ ናቸው፣ አባት ናቸው፣ «ሆድ ይፍጀው» እየተባሉ ነው ያደጉት።

እኔ ግን ከዚህም የበለጠ የሚያሳስበኝ «በሰው እጅ» ያልሽው ነው። ሌሎች ወንዶች ልጆች አሏቸው? የሟች አጎት፣ የአክስት ልጅ? አባት ሲያለቅስ ያየ ጎረምሳ ደም ልመልስ ብሎ ሊነሳ ይችላል። የእሳቸው ረጋ ማለት አንድ ቤት ሙሉ ሰው ይዞ የቆመ ሊሆን ይችላል። አንቺ «ያውጡት» ስትያቸው፣ እሳቸው ጆሮ ውስጥ «ይልቀቁት» የሚል ነው የሚሰማው። ስለዚህ ስሜታቸውን ከመጠየቅሽ በፊት ኃላፊነታቸውን ጠይቂ፦ «አባባ፣ ይሄ ከሆነ ወዲህ ቤቱን እንዴት ያዙት?» ይህን ይመልሱልሻል። ምናልባትም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ጨጓራውን ደግሞ ርዕስ ማስቀየሪያ አታድርጊው። የእኛ ሰው ሐዘኑን «ጨጓራዬን»፣ «ልቤን»፣ «ያቃጥለኛል» ብሎ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ የእውነት ይታዩ፤ ጤና ጣቢያው እዚያው ነው፣ አንቺ ራስሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ከዚያ መቼ መቼ እንደሚነሳባቸው ጠይቂ። «ማታ፣ እሱ ይገባበት በነበረው ሰዓት» የሚል መልስ ከጨጓራ ጥያቄ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። በዚያ በኩል ግቢ።

መለየት ያለብሽ አንድ ነገር አለ። ረጋ ብሎ እያወራ አብሮሽ ያለ ሰው አለ፤ እያወራ አብሮሽ የሌለ ሰውም አለ። ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ከቀረ፣ ጥያቄሽን ካልሰሙ፣ ድምፃቸው የሌላ ሰው ታሪክ የሚያነብ ከሆነ፣ «ከሩቅ ሆኜ ነው የማየው» ካሉሽ፣ ያ መደንዘዝ ነው። ባለሙያዎች ዲሶሴሽን የሚሉት ማለት ነው። ያኔ ስለ ልጁ መጠየቅሽን ተዪው። በስማቸው ጥሪያቸው፣ እግራቸው ወለሉን እንደነካ ይወቁት፣ ውኃ ስጫቸው፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያዩትን ይንገሩሽ። ወደ ታሪኩ በዚያ ቀን አትመለሺ።

እንዲያለቅሱ ምን ልበላቸው ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ ምንም። የዓለም ጤና ድርጅት ክፉ ነገር የደረሰበትን ሰው ወዲያው ተቀምጦ ስሜቱን ሁሉ እንዲያወጣ ማድረግን አይመክርም፤ የጭንቀት ሕመም ለመከላከል ሲረዳ አልታየም። በዚህ ሙያ ስሟ የሚጠራው ጁዲት ኸርማን የማገገምን መንገድ በሦስት ስትከፍል መጀመሪያ ያስቀመጠችው ደኅንነትን ነው፤ ማስታወስና ማዘን ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ልጅቷ አሁን የምታድረው ማን ጋ ነው? ደላላው ዛሬም ይደውልላታል? ሽማግሌው ሌሊት ብቻቸውን ሲነቁ ማን አጠገባቸው አለ? እንባ መቼ እንደሚመጣ አንቺ አትመርጪም። ብዙ ጊዜ ከሴሽን ወጥተው፣ ባጃጅ ውስጥ ወይም ሌሊት ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ለማብረድ አስቀሪ። ዛሬ ማታ ምን ይበላል፣ ከማን ጋር ይዋላል፣ ይህንን አውሩ።

ራሳቸውን ስለማጥፋት ካወሩ፣ ለቀናት እንቅልፍ ከሌላቸው፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ ግን አትጠብቂ። አማኑኤል ሆስፒታል ከኮዬ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ታክሲ መቀያየሩ ብቻ ያደክማል። ሪፈር ጽፈሽ ብቻ አትላኪ። የሚሸኛቸው ሰው መኖሩን አረጋግጪ።

ሽንት ቤት ገብተሽ የምታለቅሺውን አልረሳሁትም። ማልቀስሽ ነውር የለውም። ግን አባባ ጨጓራቸውን የሚያነሱት ዓይንሽ ሲሞላ አይተው እንዳይሆን ተጠንቀቂ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሲጨነቅባቸው ያሳርፋሉ። እንዲያለቅሱ የፈለግሽው ለእሳቸው ብለሽ ነው ወይስ ብቻሽን ማልቀሱ ከብዶሽ? ይህን ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር አውሪው። ሱፐርቫይዘር ካልመደቡልሽ ድርጅትሽን በጽሑፍ ጠይቂ። እስከዚያው ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ እንዳንቺ የሚሠሩ ልጆች አይጠፉም፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ተገናኝታችሁ ስም ሳትጠሩ ኬዝ ተወያዩ። ሰብሰብ ብላችሁ ሻይ መጠጣትም ሥራ ነው።

በመጨረሻ ስለ ፋይሉ። የልጅቷ ፋይል ላይ «እየሳቀች ስለተናገረች አጠራጣሪ ነው» የሚል ነገር ባልደረባሽ ጽፋ ከሆነ ከኃላፊያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ እንዲታረም አድርጉ። ያ ወረቀት ነገ ድጋፍ የሚወስነው ሰው እጅ ይገባል፣ ፍርድ ቤትም ሊደርስ ይችላል። ያየሽውን ብቻ ጻፊ። «በሩ ስለተቆለፈበት ቀን ስትናገር ሳቀች፤ ውኃ ጠየቀች፤ ቀጠለች።» ይህ ይበቃል።